ጄም5ን ከጅማ መጀመር፦ የካሹን መጠን ስለውጥ ውጤቱ ለምን አይለወጥም?

ጀማሪ ከጅማ (ማክሰኞ ማታ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት።

ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የኮምፒውተር ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የካሽ (ፕሮሰሰሩ ደጋግሞ የሚፈልገው ዳታ የሚቀመጥበት ትንሽና ፈጣን ሚሞሪ) መጠን በማትሪክስ ብዜት ፍጥነት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ መለካት ሲሆን፣ አማካሪዬ ለዚህ ሥራ ጄም5 የተባለውን ሲሙሌተር (የኮምፒውተርን አሠራር በሶፍትዌር የሚመስል ፕሮግራም) እንድጠቀም መክረውኛል። ከዚህ በፊት በሲሙሌተር ሠርቼ አላውቅም፤ የኮምፒውተር አርክቴክቸር ትምህርቱን የወሰድነውም በአብዛኛው በሰሌዳና በወረቀት ነበር።

ሁለት ችግር ገጥሞኛል። የመጀመሪያው ኮምፓይል ሲደረግ ነው። ላፕቶፔ ባለ 4 ኮር ሲሆን ራሙ 8 ጊጋባይት ነው፤ የጫንሁት ኡቡንቱ 22.04 ነው። ኮምፓይል ማድረጉ ለሰዓታት ከሄደ በኋላ መጨረሻው ላይ፣ ሊንክ ሲያደርግ፣ ሊንከሩ በሲግናል 9 ተገደለ የሚል መልእክት አውጥቶ ቆመ። በማግስቱ ስደግመው ደግሞ መሀል ላይ መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፔ ባትሪ ያረጀ ስለሆነ ወዲያው ተዘጋ፤ እንደገና ሳስነሣው ሥራውን ከሞላ ጎደል ከመነሻው ጀመረው። በመጨረሻ በጓደኛዬ ዴስክቶፕ ላይ ተሳካልኝና ከሲሙሌተሩ ጋር የሚመጣውን ትንሹን የሰላምታ ፕሮግራም አስኬጄ ጽሑፉን ሲያትም አየሁ።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ግራ አጋብቶኛል። በሲ ቋንቋ 20 በ20 የሆኑ ሁለት ማትሪክሶችን የሚያባዛ ፕሮግራም ጽፌ፣ የመጀመሪያ ደረጃውን የዳታ ካሽ በ16፣ በ32 እና በ64 ኪሎባይት እየለዋወጥሁ አስኬድሁት። ሦስቱም ጊዜ የሲሙሌሽኑ ሰዓት እስከ መጨረሻው አሃዝ ድረስ አንድ ነው። የተጠቀምሁት ከድሮ ጀምሮ የነበረውን፣ አሁን ጊዜው ያለፈበት ተብሎ ለብቻ የተቀመጠውን «ኤስኢ» የሚባለውን ዝግጁ ስክሪፕት ነው። ስሕተቴ የት ላይ እንዳለ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ አስረዱኝ።

---

አወይቱ ዳር

እኅቴ፣ የመጀመሪያውን ችግር እኔም እዚሁ ጅማ ስማር አልፌበታለሁ፤ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሲግናል 9 ማለት ሂደቱ በኃይል ተገደለ ማለት ነው፤ እንዲህ ሊንክ ሲደረግ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ራሙ ስላለቀ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ገድሎት ነው። ጄም5 ትልቅ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም ነው፤ አንድን ፋይል ብቻ ኮምፓይል ማድረግ ከ1 ጊጋባይት በላይ ራም ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ኤስኮንስን (ጄም5ን ኮምፓይል የሚያደርገውን መሣሪያ) ስትጀምሪ ባሉሽ ኮሮች ልክ ሳይሆን ባለሽ ራም ልክ አስጀምሪው። በ8 ጊጋ ላፕቶፕ ላይ ከ2 ሥራ በላይ በአንድ ጊዜ አታስጀምሪ። ብሮውዘሩን ዝጊው። 8 ጊጋ የሚሆን የስዋፕ ፋይል በዲስክ ላይ ጨምሪ፤ ሥራውን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። በተጨማሪም ኤስኮንስ ሊንከሩ የሚወስደውን ራም እንዲቀንስ የሚያደርግ አማራጭ ስላለው የእርዳታ ገጹን ከፍተሽ «ሊሚት ኤልዲ ሜሞሪ ዩሴጅ» የሚለውን ፈልጊ። ከዚያ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ደግሞ የሚያስፈልግሽን አንድ የፕሮሰሰር የትእዛዝ ስብስብ (ኢንስትራክሽን ሴት) ብቻ መምረጥ ነው። ሁሉንም በአንድ ላይ የሚሠራውን ትተሽ ኤክስ86ን ወይም ሪስክ-ፋይቭን ብቻ አስመርጪው።

ስለ መብራቱ አንድ ነገር ልጨምር። ኤስኮንስ የሠራውን እየመዘገበ ይሄዳል፤ መዝገቡን በትክክል የሚያስቀምጠው ግን በሥርዓት ሲቆም ነው። መብራት ሲጠፋና ባትሪሽ ጥቂት ደቂቃ እንኳ የሚይዝ ከሆነ፣ ኮንትሮል ሲን አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኚና እስኪቆም ጠብቂው። መብራቱ ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ስትደግሚ ከቆመበት ይቀጥላል። ድንገት ከተዘጋ ግን አንቺ እንዳየሽው ብዙውን ሥራ እንደገና ይጀምረዋል። እኔ ሌሊት አስጀምሬው ተኝቼ፣ ጠዋት ስነሣ የጠፋ ላፕቶፕ ጠብቆኝ ስለሚያውቅ ነው ይህን አጥብቄ የምነግርሽ።

ኮዱን ስታወርጂም ሙሉ ታሪኩን አታውርጂ። ጊት ላይ «ዴፕዝ 1» ብለሽ የመጨረሻውን ብቻ ካወረድሽ ኔትወርኩ ደካማ በሚሆንበት ቀን ልዩነቱን ታይዋለሽ።

---

ፈረንጅ አራዳ

ሐሳቤ ከሌሎቹ ትንሽ የተለየ ነው፤ በቅንነት እንዲወሰድልኝ እጠይቃለሁ።

ለመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮጀክት ጄም5 ከሚገባው በላይ ከባድ መሣሪያ ነው የሚል እምነት አለኝ። ተማሪው ካሽ እንዴት እንደሚሠራ በዓይኑ ሳያይ በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች ያሉት የቁጥር ፋይል ይሰጠዋል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱን መርጦ ግራፍ ይሠራል። ሪፕስ የሚባል ነጻ ሲሙሌተር አለ፤ በሪስክ-ፋይቭ ላይ የሚሠራ ሲሆን ባለ 5 ደረጃውን ፓይፕላይን ሥሎ ያሳያል፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲያልፍ፣ ካሹ ውስጥ የትኛው መስመር (ካሹ ዳታ የሚይዝበት ቁራጭ) እንደተያዘና እንደተባረረ በመስኮቱ ላይ ይታያል። በማንኛውም ደካማ ላፕቶፕ ላይ ይከፈታል፤ ኮምፓይል ማድረግም አያስፈልግም። ኤምአይፒኤስን ለተማረ ደግሞ ማርስ አለ፤ ጃቫ ብቻ ይበቃዋል።

አማካሪሽን አክብረሽ ጠይቂያቸው። ርእስሽ በሪፕስ የሚሠራ ከሆነ የቀረሽን ጊዜ ለማሰብ ታውይዋለሽ።

---

የላብ ሰው (ረቡዕ)

ለጀማሪዋ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ከፈረንጅ አራዳ ጋር በግማሹ እስማማለሁ። ሪፕስን ሁለት ቀን ተቀምጠሽ ሳትሞክሪ ወደ ጄም5 አትመለሺ፤ ይህ ምክሬ ነው። ነገር ግን ጄም5ን አትተዪው። አንቺ የምትጠይቂው ጥያቄ ስለ ሰዓት ነው፤ ሰዓትን በዝርዝር ለመለካት፣ የሚሞሪውን ፍጥነትና የፕሮሰሰሩን ዓይነት እየለዋወጡ ለማወዳደር የተሠራው ጄም5 ነው። ከሁለት ፕሮጀክቶች ውሕደት የተወለደ ነው፤ ኤም5 የሚባለው ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፣ ጄምስ የሚባለው ደግሞ ከዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ናቸው፤ ውሕደቱን የሚያስተዋውቀው ጽሑፍ የወጣው በ2011 ነው። ስሙም የሁለቱ ስም ነው። ውስጡ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ሲሆን አንቺ የምትነኪው የፓይተን ስክሪፕቱን ነው። ስክሪፕቱ የማሽኑ ሥዕል ነው፤ ፕሮሰሰሩን፣ ካሹን፣ የሚያገናኛቸውን ባስና ሚሞሪውን እንደ ዕቃ እየፈጠርሽ አንዱን ከሌላው ታገናኚዋለሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ውጤትሽ እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ የሆነበትን ምክንያት ሦስት ቦታ እፈልገዋለሁ፤ ሦስቱም በአንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ።

አንደኛው፣ በዚያ ስክሪፕት ላይ የካሽ መጠን መስጠት ብቻውን ካሽ አይፈጥርም። «ካሽስ» የሚለውን አማራጭ ለብቻው ካልጻፍሽ ስክሪፕቱ መጠኑን ተቀብሎ ዝም ይላል፤ ማሽኑ ያለ ካሽ ይሠራል። የስሕተት መልእክት የለም። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ የፕሮሰሰሩን ዓይነት ካልመረጥሽ የሚሰጥሽ «አቶሚክ» የሚባለው ነው። አቶሚክ ፕሮሰሰር ሚሞሪን ሲጠይቅ መልሱ ወዲያው እንደመጣ ቆጥሮ ያልፋል፤ የካሹ ስሕተት (ሚስ፤ የተፈለገው ዳታ በካሹ ውስጥ አለመገኘቱ) ይቆጠራል፣ ሰዓቱ ግን አይጨመርበትም። የተሠራውም ለፍጥነት ነው፤ የሊኑክስ መነሻን የመሰለ ለመለካት የማንፈልገውን ክፍል በችኮላ ለማለፍ ይጠቅማል። ሰዓት ለመለካት ቢያንስ «ታይሚንግ ሲምፕል» የሚባለውን ምረጪ፤ እርሱ እያንዳንዱን የሚሞሪ ጥያቄ ልኮ መልሱ እስኪመጣ ይቆማል። ከዚያ በላይ «ማይነር» አለ፤ ትእዛዞቹን በተራቸው የሚያስኬድ ፓይፕላይን ነው። «ኦ3» ደግሞ ከተራ ውጭ የሚያስኬድ ነው። ኦ3 አንዱን መልስ እየጠበቀ ሌላ ሥራ ስለሚሠራ የካሹን ስሕተት በከፊል ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ለመማር ከኦ3 አትጀምሪ።

ሦስተኛው በፕሮግራምሽ ውስጥ ነው። 20 በ20 ማለት 400 ቁጥር ነው። እያንዳንዱ 8 ባይት ቢሆን አንዱ ማትሪክስ 3,200 ባይት፣ ሦስቱ በአንድ ላይ 9,600 ባይት ይሆናሉ። ትንሹ ካሽሽ 16,384 ባይት ነው። ሁሉም ገብቶ ቦታ ተርፏል። ረከቦቱ ላይ 12 ስኒ አለሽ እንበልና የመጡት እንግዶች 6 ከሆኑ፣ 24 ስኒ የሚይዝ ረከቦት ብታመጪ ቡናው ፈጥኖ አይቀዳም።

ከምንም በፊት ግን ውጤት በሚቀመጥበት «ኤም5አውት» በሚባለው ፎልደር ውስጥ «ኮንፊግ» የሚለውን ፋይል ክፈቺ። ሲሙሌተሩ የሠራውን ማሽን ሙሉ ዝርዝር የሚጽፈው እዚያ ነው፤ አንቺ ያዘዝሽውን ሳይሆን በእርግጥ የተሠራውን ታያለሽ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ውጤቴን ለፈታኞች አቅርቤ፣ አንዱ «የሚሞሪው ፍጥነት ስንት ነበር?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም፤ ስክሪፕቱ የሰጠኝን ተቀብዬ ነበር የሄድሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ፋይል ሳላነብ ቁጥር አልጽፍም።

---

ጀማሪ ከጅማ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፋይሉን ከፍቼ አየሁት፤ እንዳሉት የዳታ ካሽ የሚባል ክፍል ጭራሽ የለም። የፕሮሰሰሩ ዓይነትም አቶሚክ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ካሽ የሌለው ማሽን ላይ የካሽ ጥናት ሳደርግ እንደነበር ሳይ በጣም አዘንሁ፤ ግን አሁን መታወቁ ይሻላል።

ካሹን ጨምሬ ታይሚንግ ሲምፕልን መርጬ በ20 በ20 ስደግመው፣ በ16 እና በ64 ኪሎባይት መካከል አሁንም ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። በእርስዎ ስሌት መሠረት ይህ ትክክል ነው ብዬ ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም፤ «ሆስት ሰከንድስ» የሚለው ቁጥር በእያንዳንዱ ጊዜ ይለያያል፤ አንዴ 3 ሌላ ጊዜ 5 ይላል። የማወዳድረው ይህን ነው ወይስ «ሲም ሰከንድስ» የሚለውን?

---

አወይቱ ዳር

«ሆስት ሰከንድስ» የጓደኛሽ ዴስክቶፕ ሲሙሌሽኑን ለመጨረስ የፈጀበት ጊዜ ነው፤ ብሮውዘር ከከፈትሽ ይጨምራል። ለሪፖርትሽ አትጠቀሚበት። የተመሰለው ማሽን የፈጀው ሰዓት «ሲም ሰከንድስ» ነው። «ሲም ቲክስ» የሚለውም ያው ሰዓት ነው፣ በቲክ ሲቆጠር፤ ካልቀየርሽው በስተቀር 1 ቲክ ማለት 1 ፒኮ ሰከንድ ነው። ፕሮሰሰርሽ በ1 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ከሆነ አንዱ ሳይክል 1,000 ቲክ፣ በ2 ጊጋኸርዝ ከሆነ 500 ቲክ ይሆናል። በዚህ ማመሳከር ትችያለሽ፤ ቲኩን በሳይክሉ ስታካፍዪ የሳይክል ብዛቱን ካልሰጠሽ የሆነ ቦታ ላይ ሌላ ፍጥነት ተሰጥቷል ማለት ነው።

---

የላብ ሰው (ሐሙስ)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ከእንግዲህ አንድም ጊዜ ቢሆን የምትጠብቂውን ቁጥር በወረቀት ሳትጽፊ ሲሙሌተሩን አታስነሺው። ግምቱ ከውጤቱ ጋር ሲገጥም ማሽኑ ገብቶሻል ማለት ነው፤ ሳይገጥም ሲቀር ደግሞ ወይ ማሽኑ ወይ አንቺ የሳታችሁት ነገር አለ፤ የሪፖርትሽ ጥሩ ምዕራፍ የሚወጣው ከዚያ ነው። ግምት ሳይኖርሽ የምታገኚው ቁጥር ግን ትክክል ይሁን ስሕተት የምታውቂበት መንገድ የለሽም።

100 በ100 ውሰጂ፤ አብረን እንገምት። አንዱ ማትሪክስ 10,000 ቁጥር፣ ማለትም 80,000 ባይት ነው። የካሹ መስመር 64 ባይት ስለሆነ በአንድ መስመር 8 ቁጥር ይገባል፤ ስለዚህ አንዱ ማትሪክስ 1,250 መስመር ይይዛል። የተለመደውን ሦስት ሉፕ ከተጠቀምሽ የመጀመሪያው ማትሪክስ በረድፍ፣ ሁለተኛው በዓምድ ይነበባል። ችግሩ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። አንድ ዓምድ ለማንበብ 100 የተለያዩ መስመሮች፣ ማለትም 6,400 ባይት ይነካል፤ ይህ በ16 ኪሎባይት ውስጥ ይገባል፣ የሚቀጥሉት ዓምዶችም ከእነዚሁ መስመሮች ይነበባሉ። ነገር ግን ወደሚቀጥለው ረድፍ ሲዞር ሁለተኛው ማትሪክስ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ይፈለጋል፤ 80,000 ባይቱ በካሹ ውስጥ ካልተያዘ 1,250ው መስመር ሁሉ እንደገና ከሚሞሪ ይመጣል። ይህ 100 ጊዜ ሲደጋገም 125,000 ስሕተት ይሆናል። ሁሉም ከተያዘ ግን 1,250 ብቻ ነው፤ ከሌሎቹ ሁለት ማትሪክሶች ጋር 3,750።

ስለዚህ ግምታችን ይህ ነው፤ 16፣ 32 እና 64 ኪሎባይት ላይ ከ125,000 ጥቂት የሚበልጥ ስሕተት ይኖራል፤ 128 ላይ ወደ ጥቂት ሺህ ይወርዳል። መጠኑን እጥፍ ባደረግሽ ቁጥር ደረጃ በደረጃ የሚሻሻል ግራፍ አትጠብቂ፤ ለረጅም ሜዳ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ የሚወድቅ ገደል ነው የምትጠብቂው። የካሹን አሶሲዬቲቪቲ (አንድ መስመር በካሹ ውስጥ ሊቀመጥባቸው የሚችሉ ቦታዎችን ብዛት) 8 አድርጊው። ባለ 2 ከተውሽው ከመጠኑ ጋር ያልተያያዘ ግጭት ይገባና ግምቱን ያደፈርስብሻል፤ እርሱን በኋላ ለብቻው ታጠኚዋለሽ።

1,000 በ1,000 ልሞክር እንዳትዪ። ውስጠኛው ሉፕ 1 ቢሊዮን ጊዜ ይዞራል፤ በአንድ ዙር 8 ትእዛዝ ብንል 8 ቢሊዮን ትእዛዝ ነው። ሲሙሌተሩ በሰከንድ 200,000 ትእዛዝ ያስኬዳል ብለን ብንወስድ 40,000 ሰከንድ፣ ከ11 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያን ያህል ሰዓት መብራት ሳይጠፋ መቆየቱን ማን ያውቃል። 100 በ100 ግን በዚያው ስሌት 40 ሰከንድ ነው።

---

ቆጪ ሰፈር

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ጠቃሚ ነው። ከደረሱብኝ ሁለት ነገሮች ተነሥቼ ልጨምር።

ፕሮግራምሽን ኮምፓይል ስታደርጊ «ስታቲክ» የሚለውን ጨምሪበት። ኤስኢ በሚባለው አሠራር ውስጥ ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የለም፤ ሲሙሌተሩ የሲስተም ጥሪዎችን ራሱ ነው የሚመልሳቸው፤ ስለዚህ ላይብረሪዎቹ ሁሉ በፕሮግራሙ ውስጥ ቢገቡ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ኦፕቲማይዜሽን ካበራሽ የብዜቱን ውጤት የሆነ ቦታ መጠቀምሽን አረጋግጪ። ውጤቱ የማይታተም ከሆነ ኮምፓይለሩ ሉፑን ሙሉ በሙሉ ሊሰርዘው መብት አለው። እኔ አንድ ጊዜ በጣም ፈጣን ማሽን የነደፍሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የትእዛዞቹን ብዛት ስቆጥር ብዜቱ ጭራሽ አልነበረም። ሁልጊዜ የትእዛዞቹን ቁጥር ከሉፑ ዙር ብዛት ጋር አመሳክሪ።

ደግሞም ማትሪክሶቹን በቁጥር የመሙላቱ ሥራ በልኬቱ ውስጥ እንዳይገባብሽ። ጄም5 «ኤም5 ኦፕስ» የሚባሉ ትንንሽ ጥሪዎች አሉት፤ ከብዜቱ በፊት ስታቲስቲክሱን ወደ ዜሮ የሚመልሰውን፣ ከብዜቱ በኋላ ደግሞ የሚያስጽፈውን በሲ ኮድሽ ውስጥ ጥሪያቸው። ያኔ የምታነቢው የብዜቱን ብቻ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ቁጥሮቹ የሚጻፉበት ስታትስ ፋይል ከአንድ በላይ ክፍል ስለሚኖረው የትኛውን እንደምታነቢ ተጠንቀቂ፤ የምትፈልጊው የመጀመሪያውን ነው።

---

ጀማሪ ከጅማ (ቅዳሜ)

ውጤቱን ይዤ መጥቻለሁ።

እንደተባልሁት ግምቱን አስቀድሜ ደብተሬ ላይ ጻፍሁ። ከዚያ በ8 አሶሲዬቲቪቲ አራቱንም መጠን አስኬድሁ። 16፣ 32 እና 64 ኪሎባይት ላይ የዳታ ካሹ ስሕተት በሦስቱም 127 ሺህ 500 አካባቢ ነው። 128 ላይ ወደ 4 ሺህ ወረደ። ገደሉን ራሴ ሳየው የተሰማኝን መግለጽ ይከብደኛል፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነበር፣ ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ እህቶቼ ተኝተዋል፣ እኔ ብቻዬን ደብተሬንና ስክሪኑን እያፈራረቅሁ አያለሁ።

ከ125,000 ለምን እንደበለጠ ገብቶኛል። ሌሎቹ ሁለት ማትሪክሶች 2,500 ይጨምራሉ፤ ያ 127,500 ይሆናል። ግን አንድ ረድፍ 12 ተኩል መስመር ስለሆነ አንዳንዱ መስመር ለሁለት ረድፍ ይከፈላል፤ እነዚህ መስመሮች በየዙሩ ሁለት ጊዜ እየተፈለጉ ስሕተቱን ለምን አልጨመሩትም? ሁለት ቀን አሰብሁበት፤ አልመጣልኝም።

---

የላብ ሰው

እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ ማግኘት ደስ ይላል። መልሱ በንባቡ ቅደም ተከተል ውስጥ አለ። አንድ ረድፍ 100 ቁጥር፣ 800 ባይት ነው። 800 ለ64 ሲካፈል 12 ተኩል ነው። ስለዚህ በየሁለት ረድፉ መካከል ላይ አንድ መስመር ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ የላይኛው ረድፍ መጨረሻ፣ ግማሹ የታችኛው ረድፍ መጀመሪያ ነው። ያ መስመር የመጀመሪያዎቹ ዓምዶች ሲነበቡ አንዴ፣ የመጨረሻዎቹ ሲነበቡ ሌላ ጊዜ ይፈለጋል፤ በመካከል ከካሹ ስለሚባረር የመጨረሻዎቹ ላይ ስሕተት ይሆናል፣ ወዲያው ቀጥሎ በሚመጣው ዙር መጀመሪያ ላይ ግን ገና በካሹ ውስጥ ስላለ ስሕተት አይሆንም። 100 ረድፍ ስላለ እንዲህ ያሉ መስመሮች 50 ናቸው። እያንዳንዱ በየዙሩ የሚያመጣው አንድ ስሕተት ብቻ ነው፤ እርሱም በ1,250ው ውስጥ ተቆጥሯል። ስለዚህ የሚጨመር የለም።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ ረድፉን በሚሞሪ ውስጥ 104 ቁጥር እንዲይዝ አርገሽ 100ውን ብቻ ተጠቀሚ። 104 በ8 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ረድፉ በትክክል 13 መስመር ይሆናል፤ የማትሪክሱ መነሻ በ64 ባይት ድንበር ላይ መሆኑንም አረጋግጪ። ያኔ የተከፈለ መስመር አይኖርም፤ ማትሪክሱ ግን 1,300 መስመር ስለሚሆን አጠቃላይ ቁጥሩ በጥቂቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ይህን ራስሽ አስልተሽ ጻፊው፤ ለምን እንደማይቀንስ የምታስረጂበት አንቀጽ ከግራፉ ይበልጣል።

---

ፈረንጅ አራዳ

መጀመሪያ የጻፍሁትን በከፊል አንሥቻለሁ። እንዲህ ባለ አያያዝ ከሆነ ጄም5 ለመጀመሪያ ዲግሪም ይሆናል። ሪፕስ ይቅደም የሚለውን ግን አሁንም እላለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሲሙሌተሩ እምቢ አይልም። 1 ሜጋባይት የሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ካሽ በ2 ሳይክል መልስ ይስጥ ብትዪው እሺ ብሎ ይሠራዋል። ሲሊከን ላይ ግን ትልቅ ካሽ ዘገምተኛ ነው፤ ሽቦው ይረዝማል፣ የሚፈለገው ቦታ ይበዛል። አንቺ 128 ላይ ያየሽው ትርፍ የመጣው ሰዓቱን ሳትቀይሪ መጠኑን ብቻ ስላሳደግሽ ነው። ፈታኞች ይህን መጠየቃቸው አይቀርም። የካሽን መጠን ሰጥተሽው የመዳረሻ ጊዜውን የሚገምት ካክቲ የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ፤ በእርሱ ግምት እየታገዝሽ ለእያንዳንዱ መጠን የተለየ የሳይክል ቁጥር ስጪና ደግመሽ አስኪጂው። 128 የማይሆን ነገር ነው ማለቴ አይደለም፤ በ2020 የወጣው የአፕል ኤም1 ትልልቆቹ ኮሮች 128 ኪሎባይት የዳታ ካሽ አላቸው። ነገር ግን ዋጋ ተከፍሎበት ነው፤ ዋጋውም በግራፍሽ ላይ መታየት አለበት።

አንቺ በተጠቀምሽበት ስክሪፕት ላይ ካልጨመርሽው በስተቀር ካሹ ፕሪፌቸር (ዳታውን ሳይጠየቅ ቀድሞ የሚያመጣ ክፍል) የለውም፤ እውነተኛ ፕሮሰሰሮች አላቸው። ይህንንም በሪፖርትሽ የገደብ ክፍል ውስጥ ጻፊው።

---

ጀማሪ ከጅማ (ሰኞ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የካክቲን ግምት ተጠቅሜ የ128ቱን የመዳረሻ ጊዜ ከፍ አድርጌ ስደግመው ትርፉ ቀነሰ፤ ቢሆንም አልጠፋም። 104ቱንም ሞከርሁት፤ መምህር እንዳሉት የተከፈሉት 50 መስመሮች ቢጠፉም ማትሪክሱ በ50 መስመር ስለሰፋ ስሕተቱ ወደ 130,000 ይወጣል። ለሁለተኛው ማትሪክስ 1,300 በ100 ማለት ነውና።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። አማካሪዬ ሙሉ ሊኑክስ የሚያስነሣውን አሠራር፣ ማለትም ፉል ሲስተም የሚባለውን እንድሞክር አንሥተው ነበር። የመከላከያ ቀኔ 6 ሳምንት ቀርቶታል። ልግባበት?

---

አወይቱ ዳር

ለዚህ ጥያቄ አያስፈልግሽም። ማትሪክስ ብዜት ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር ብዙ የሚያገናኘው ነገር የለም፤ የዲስክ ምስልና ከርነል ለማውረድ የሚፈጅብሽን ኔትወርክ ለሌላ አውይው። ፉል ሲስተም የሚያስፈልገው ጥናቱ ስለ ፔጅ ሠንጠረዥ፣ ስለ መሣሪያዎች ወይም ብዙ ሂደት በአንድ ላይ ስለሚሠራበት ሁኔታ ሲሆን ነው። ይህን ለአማካሪሽ በአክብሮት አስረጂያቸው፤ ምክንያት ይዘሽ ከሄድሽ የሚቃወሙሽ አይመስለኝም። ጊዜ ከተረፈሽ የሉፖቹን ቅደም ተከተል ቀይረሽ ሁለተኛው ማትሪክስም በረድፍ እንዲነበብ አድርጊ። ግምቱን ግን አስቀድመሽ ጻፊ።

---

ጀማሪ ከጅማ

እሺ፣ እንደዚያ አደርጋለሁ። ለሚቀጥለው ተማሪ እንዲሆን የሲ ኮዱን፣ የፓይተን ስክሪፕቱንና የአራቱንም ሙከራ የኮንፊግ ፋይሎች በአንድ ፎልደር አድርጌ ከዚህ በታች አያይዣለሁ። የሉፑን ቅደም ተከተል ስለውጥ የጠበቅሁትን ቁጥር አሁን ደብተሬ ላይ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ መብራቱ እንደመጣ አስኬደዋለሁ።